አባት ለልጁ የነገረው ጥፋት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ሰው ሆኖ የማይስት፣ እንጨት ሆኖ የማይጨስ የለም ይባላል። ይህን አባባል ሁላችንም እናውቀዋለን። ጎረቤት ሲያጠፋም ለማስታረቅ እንጠቅሰዋለን። ጥፋቱ የራሳችን ሲሆን ወይም በገዛ ቤታችን ሲገኝ ግን ይጠፋብናል። ሱብሒ ሰላት ያመለጣት እናት ቀኑን ሙሉ ራሷን ስትወቅስ ትውላለች። በሰላት መካከል ሐሳቡ ወደ ሱቁ የሸፈተበት ነጋዴ «ይህ የኔ ዒባዳ ኒፋቅ ቢሆንስ?» እያለ ይብሰለሰላል። በትምህርት ቤት ዝቅተኛ ውጤት ያመጣ ልጅ ወረቀቱን ከፍራሽ ሥር ይደብቃል። አንዳንዱም በራሱ ተስፋ ከመቁረጡ የተነሳ «እኔ ለዲን የተፈጠርኩ ሰው አይደለሁም» ብሎ ከመስጂድ ደጃፍ ጭራሹን ይርቃል።

የዚህ ሕመም አንዱ መነሻ ታሪካችንን የምንተርክበት መንገድ ነው። ለልጆቻችን ስለ ሰሐቦች ስናወራ ጀግንነታቸውን፣ ልግስናቸውንና ትዕግሥታቸውን እንነግራቸዋለን። ይህ መልካም ነው፤ ይገባልም። ነገር ግን የተሳሳቱት እንዴት እንደተሳሳቱ፣ ከስሕተታቸውስ እንዴት እንደተመለሱ ሳንነግራቸው ስንቀር ልጁ የሚያየው የመላእክትን ጉባኤ ነው። ራሱን ከእነርሱ ጋር ሲያስተያይ በመካከሉ መሰላል አያገኝም። መሰላል የሌለበትን ከፍታ ደግሞ ሰው ከሩቅ ያደንቀዋል እንጂ ሊወጣው አይሞክርም።

ታሪኩ ግን ወደ እኛ የደረሰው እንዲህ ተደርጎ አልነበረም። ቁርኣንም ሆነ የሐዲስ መጻሕፍት የዚያን ምርጥ ትውልድ ድካም አልሸሸጉም። እስቲ አብረን እንመልከተው።

የኡሑድ ቀስተኞች

በ3ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ በሸዋል ወር (እ.ኤ.አ. በ625)፣ ከመዲና በስተ ሰሜን በሚገኘው በኡሑድ ተራራ ሥር ጦርነት ተደረገ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በዐብዱላህ ኢብኑ ጁበይር (ረ.ዐ) አዛዥነት 50 ቀስተኞችን በአንዲት ኮረብታ ላይ አስቀመጡ። ድል ብናደርግም ብንሸነፍም ከስፍራችሁ እንዳትነቃነቁ የሚል ጥብቅ ትእዛዝም ሰጧቸው። ጦርነቱ በተጀመረ ጊዜ ድሉ የሙስሊሞች ሆነ፤ ጠላት ሸሸ፤ ምርኮው ሜዳ ላይ ተበተነ። ይህን ያዩት አብዛኞቹ ቀስተኞች ነገሩ ያለቀ መስሏቸው አዛዣቸው እየከለከላቸው ወረዱ። በዚያን ጊዜ ገና ያልሰለመው ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ ክፍተቱን አይቶ ፈረሰኞቹን በኋላ በኩል አዞረ። በዚያ ቀን ወደ 70 የሚጠጉ ሙስሊሞች ሸሂድ ሆኑ። የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ፊት ቆሰለ፣ ጥርሳቸውም ተሰበረ።

ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም፤ የሰው ሕይወት የጠፋበት ነው። ቁርኣንም በአሊ ዒምራን ምዕራፍ አንቀጽ 152 ላይ ጥፋቱን በግልጽ ተናገረ፤ ሆኖም በዚያው አንቀጽ አላህ ይቅር እንዳላቸው አበሰረ። በአንቀጽ 159 ደግሞ ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የተሰጠውን ትእዛዝ እናገኛለን፦ በአላህ እዝነት ለዘብ እንዳሉላቸው፣ ልበ ደረቅ ቢሆኑ ኖሮ ሰዎቹ ከዙሪያቸው እንደሚበተኑ ከገለጸ በኋላ፣ ይቅር እንዲሏቸው፣ ምሕረት እንዲለምኑላቸውና በጉዳዮች ላይ እንዲያማክሯቸው ያዛል።

ውድ አንባቢ፣ የመጨረሻይቱን ትእዛዝ ልብ በላት። ይቅርታ አድርጎ ሰውን ከጥግ ማስቀመጥ አለ። «ይቅር ብዬሃለሁ፤ ግን ከእንግዲህ ቃልህን አልሰማም» ማለት አለ። ያጠፋን ሰው መልሶ ማማከር ግን ክብሩን መመለስ ነው፤ አሁንም ከእኛ ወገን ነህ ማለት ነው። ያ ትውልድ ከኡሑድ በኋላ ሳይበተን የቀረው ስሕተት ስላልነበረበት አይደለም። የተሳሳተው ሰው የሚመለስበት ስፍራ ስለነበረው ነው።

ምንም ያልሆነው ሰው

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ እንለፍ። ካዕብ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) የመዲና አንሷር፣ ከኸዝረጅ ጎሣ የበኒ ሰሊማ ሰው፣ በግጥሙ እስልምናን ሲከላከል የኖረ ባለቅኔ ነበር። እ.ኤ.አ. በ622፣ ከሒጅራ ጥቂት ወራት በፊት፣ በዐቀባ ሌሊት ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቃል ከገቡት አንዱ ነው። በኡሑድም ተዋግቶ ቆስሏል። እንግዲህ የምናወራው በዲኑ አዲስ ስለሆነ ወይም ኢማኑ ስለሚጠረጠር ሰው እንዳልሆነ አስቀድመን እንወቅ።

በ9ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ በረጀብ ወር (እ.ኤ.አ. በ630) ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የሩምን ጦር ለመግጠም ወደ ተቡክ ለመዝመት አዘዙ። ተቡክ ከመዲና በስተ ሰሜን በሻም መንገድ ላይ ያለች፣ ወደ 700 ኪሎ ሜትር የምትርቅ ስፍራ ናት። ወቅቱ ሐሩር ነበር። ተምሩ በስሏል፤ ጥላው ያጓጓል። በሌሎች ዘመቻዎች ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የሚሄዱበትን አቅጣጫ ይሰውሩ ነበር። በዚህ ጊዜ ግን መንገዱ ረጅም፣ ጠላቱም ብዙ ስለሆነ ሰው በደንብ እንዲዘጋጅ በግልጽ ተናገሩ። የታሪክ ጸሐፊዎች የዘማቹን ቁጥር 30,000 ያደርሱታል።

ታዲያ ካዕብ ምን ሆኖ ቀረ? ምንም አልሆነም! የታሪኩ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው። አልታመመም፤ አልደኸየም። እንዲያውም ራሱ እንደተናገረው እንደዚያን ጊዜ ጤነኛና ባለጸጋ ሆኖ አያውቅም ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት የመጓጓዣ ግመል ኖሮት የማያውቀው ሰው ለዚያ ዘመቻ ሁለት ነበረው። በየማለዳው ስንቁንና ዕቃውን ሊያዘጋጅ ይወጣል፤ ምንም ሳያደርግ ይመለሳል። ስፈልግ እችላለሁ እያለ ራሱን ያጽናናል። ሠራዊቱ ተነሥቶ ሄደ። በአንድ ወይም በሁለት ቀን እደርስባቸዋለሁ አለ። በማግስቱም ወጣ፤ ባዶ እጁን ተመለሰ። እንዲህ እያለ ጦሩ ራቀ፣ ጊዜውም አለፈ።

ወንድሜ ሆይ፣ እህቴ ሆይ፣ ይህን ሰው አናውቀውምን? ነገ ቁርኣን መቅራት እጀምራለሁ፣ ነገ ከእህቴ ጋር እታረቃለሁ፣ ነገ ዕዳዬን እከፍላለሁ የሚለው ሰው ማን ነው? ካዕብ የቀረው በክሕደት አልነበረም። አብዛኛውን ጊዜ እኛን በሚያስቀረን በዚያው ነገር ቀረ፤ «ነገ» በምትባል ትንሽ ቃል።

ከዚያም ኀዘኑ መጣ። ከተማው ውስጥ ሲዘዋወር የሚያየው ወይ በኒፋቅ የሚጠረጠር ሰው ነው፣ ወይ አላህ በድካማቸው ምክንያት ዑዝር የሰጣቸው አቅመ ደካሞች ናቸው። እርሱን የመሰለ ሰው አጣ።

በዚያ በተቡክ ደግሞ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ካዕብ ምን እንደሆነ ጠየቁ። ከገዛ ወገኑ ከበኒ ሰሊማ የሆነ አንድ ሰው ካባውና በራሱ መመካቱ እንዳስቀሩት ተናገረ። በዚህ ጊዜ ሙዓዝ ኢብኑ ጀበል (ረ.ዐ) ዝም አላለም፤ የተናገርከው ክፉ ነገር ነው ብሎ ሰውየውን ገሠጸና ስለ ካዕብ ከመልካም በቀር የሚያውቁት ነገር እንደሌለ መሰከረ። የጠፋን ሰው በሌለበት የሚያማው አንድ ሰው ይኖራል፤ የሚከላከልለትም አንድ ይገኛል። እኛ በየቤታችንና በየሠፈራችን ከሁለቱ የትኛው ነን?

የ80ዎቹ ምክንያትና የሦስቱ እውነት

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ወደ መዲና ሲመለሱ እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ መስጂድ ገብተው ሁለት ረከዓ ሰገዱና ለሰዎች ተቀመጡ። የቀሩት ሰዎች እየመጡ ምክንያታቸውን ይደረድሩ፣ ይምሉም ጀመር። ቁጥራቸው ከ80 በላይ ነበር። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) የአፋቸውን ተቀብለው፣ ምሕረት ለምነውላቸው፣ የውስጣቸውን ለአላህ ተዉት።

ካዕብ ቀረበ። የተቆጣ ሰው ፈገግታ ፈገግ አሉለትና ምን እንዳስቀረው ጠየቁት። ካዕብ ባለቅኔ ነው፤ አንደበት ተሰጥቶታል። ከሌላ ሰው ፊት ቢቀመጥ በክርክር ከቁጣው ሊያመልጥ እንደሚችል ያውቅ ነበር፤ ይህንኑም ነገራቸው። ነገር ግን ዛሬ በውሸት ቢያስደስታቸው አላህ ነገ እንደሚያስቆጣቸው፣ በእውነት ቢያስከፋቸው ግን የአላህን ይቅርታ ተስፋ እንደሚያደርግ ገልጾ፣ ምንም ምክንያት እንዳልነበረው አመነ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ይህ ሰው እውነቱን መናገሩን መሰከሩለትና የአላህ ፍርድ እስኪመጣ እንዲጠብቅ አዘዙት።

ከመስጂድ ሲወጣ ዘመዶቹ ተከተሉት። እንደሌሎቹ ምክንያት ብታቀርብ የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ኢስቲግፋር ይበቃህ ነበር እያሉ አጥብቀው ወቀሱት። ተመልሶ ቃሉን ሊያጥፍ ምንም አልቀረውም ነበር። ነገር ግን እንደርሱ እውነቱን የተናገረ ሌላ ሰው መኖሩን ጠየቀ። ሙራራ ኢብኑ ረቢዕና ሂላል ኢብኑ ኡመያ (ረ.ዐ) እንዳሉ ነገሩት፤ ሁለቱም በበድር የተሳተፉ ደጋግ ሰዎች ናቸው። ይህን ሲሰማ በቃሉ ጸና። አያችሁ፣ ሰው በጥፋቱ ብቻውን እንዳልሆነ ሲያውቅ እውነቱን ለመሸከም ጉልበት ያገኛል።

አሁን ልዩነቱን እናስተውል። ሰው ፍጹም አይደለም ማለት ጥፋት ቀላል ነው ማለት አይደለም። ከ80 በላይ የሆኑት ሰዎች ጥፋታቸውን አልተሸከሙትም፤ በመሐላ ሸፈኑት። ለጊዜው ቀለላቸው፤ በቀኑ መጨረሻ ወደየቤታቸው በሰላም ገቡ። ሦስቱ ግን ጥፋቱን ጥፋት ነው አሉ፤ ራሳቸውን አላጸደቁም፣ ከአላህ እዝነትም ተስፋ አልቆረጡም። ድካምን መቀበል የምንለው ይህንን ነው። ከመኩራራትና ከተስፋ መቁረጥ መካከል ያለ ጠባብ መንገድ ነው።

50ዎቹ ሌሊቶች

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከሦስቱ ጋር ማንም እንዳይነጋገር አዘዙ። 50 ሌሊት ቆየ። ሙራራና ሂላል ቤታቸው ተቀምጠው አለቀሱ። ካዕብ ግን በዕድሜ ከሁለቱ ያነሰና ብርቱ ስለነበር ይወጣ ነበር፤ በጀማዓ ይሰግዳል፣ በገበያ ይዘዋወራል፤ የሚያናግረው ግን የለም። ከሰላት በኋላ ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቀርቦ ሰላምታ ያቀርብና ለመልሱ ከንፈራቸው ተንቀሳቅሶ ይሆን እያለ ያስባል። በአጠገባቸው እየሰገደ በስርቆት ያያቸዋል። ወደ ሰላቱ ሲመለስ እርሳቸው ይመለከቱታል፤ ቀና ሲል ፊታቸውን ያዞራሉ።

አንድ ቀን ጭንቀቱ ሲበዛበት የአጎቱ ልጅና ከሰው ሁሉ የሚወደው የአቡ ቀታዳን (ረ.ዐ) የአትክልት ግንብ ተሻግሮ ገባ። ሰላም አለው፤ መልስ የለም። አላህንና መልእክተኛውን እንደምወድ ታውቃለህን ብሎ በአላህ ስም ጠየቀው፤ ዝም አለ። ደገመለት፤ አሁንም ዝም። በሦስተኛው አላህና መልእክተኛው ያውቃሉ አለው። ካዕብ ዓይኑ እንባ አቀረረና ግንቡን ተሻግሮ ተመለሰ።

በዚሁ ሰሞን ከሻም እህል ሊሸጥ የመጣ ነጋዴ የገሳንን ንጉሥ ደብዳቤ አደረሰው። ጌታህ እንደበደለህ ሰምተናልና ወደ እኛ ና፣ እናከብርሃለን የሚል ነበር። ይህ ፈተና የዘመናችን ሰው ፈተና ነው። በጥፋታችን ምክንያት ወገኖቻችን ሲቆጡብን ከበር ውጭ ቆሞ «አንተስ ምን አጠፋህ! እነርሱ ናቸው ያላወቁህ» የሚል አይጠፋም። ካዕብ ይህም ሌላ መከራ መሆኑን ተረዳና ደብዳቤውን ምድጃ ውስጥ ጨመረው። ዝምታው እያመመው ከሚወዱት ዘንድ መቆየትን በሐሰት ከሚያሞግሱት ዘንድ ከመክበር መረጠ።

በ40ኛው ቀን ከሚስቶቻቸው እንዲለዩ ታዘዙ። የሂላል ሚስት ባሏ አገልጋይ የሌለው ሽማግሌ መሆኑን ተናግራ እንድታገለግለው ተፈቀደላት። ካዕብ ግን ሚስቱን ወደ ቤተሰቦቿ ላከ።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። ይህ ማዕቀብ ወሕይ በሚወርድበት ዘመን፣ ለአንድ ታላቅ ጉዳይ በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የታዘዘ ነው። ባል ሚስቱን፣ አባት ልጁን ለሳምንታት ለማኩረፍ ማስረጃ አናድርገው። ያኮረፉ ሙስሊሞች ከሦስት ቀን በላይ ተዘጋግተው መቆየት እንደማይገባቸው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋልና።

ከሰልዕ ተራራ የመጣ ድምፅ

በ50ኛው ሌሊት ማለቂያ ላይ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በእናታችን በኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ቤት ነበሩ። ኡሙ ሰለማ ከመጀመሪያው የሀበሻ ስደተኞች አንዷ ናቸው፤ ከወገን ርቆ መቆየት ምን እንደሆነ በሀገራችን ምድር ቀምሰውታል። ለካዕብ ጉዳይም ይቆረቆሩ ነበር። ሌሊቱ ሊጋመስ ሲል ሳይሆን በመጨረሻው ሲሶ ላይ የሦስቱ ተውባ ተቀባይነት ማግኘቱ ወረደ። ኡሙ ሰለማ ወዲያው ሰው ልከው ሊያበስሩት ፈለጉ፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ግን ሰው ተጋፍቶ ሌሊቱን እንቅልፍ እንዳይነሳቸው ብለው እስከ ሱብሒ አቆዩት።

ካዕብ ሱብሒን ከቤቱ ጣራ ላይ ሰግዶ ተቀምጦ ነበር። ቁርኣን እንደገለጸው ምድር ከነስፋቷ ጠባው፣ የገዛ ነፍሱም ጠባው ነበር። በዚህ ጊዜ ከሰልዕ ተራራ አናት አንድ ሰው በከፍተኛ ድምፅ ስሙን እየጠራ አበሰረው። ካዕብ ወዲያው ሱጁድ ወረደ። በፈረስ የመጣም ነበር፤ ድምፁ ግን ፈረሱን ቀደመው። ላበሰረው ሰው የለበሰውን ሁለት ልብስ አውልቆ ሰጠ፤ በዚያን ዕለት ሌላ ልብስ ስላልነበረው ተውሶ ለበሰና ወደ መስጂድ ሄደ። ሰዎች በየመንገዱ ተቀብለው እንኳን ደስ አለህ ይሉት ነበር። መስጂድ ሲገባ ጦልሓ ኢብኑ ዑበይዲላህ (ረ.ዐ) ከተቀመጠበት ተነሥቶ እየሮጠ መጥቶ እጁን ጨበጠው። ካዕብ ይህን የጦልሓን ውለታ ዕድሜ ልኩን አልረሳም። የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ፊት በደስታ ያበራ ነበር፤ እናቱ ከወለደችው ወዲህ ካለፉት ቀናት ሁሉ በላጭ በሆነው ቀን እንዲደሰት ነገሩት።

ልብ በሉ፤ ይህ ሰው በዐቀባ ቃል የገባበት ቀን አለው። የሰለመበት ቀን አለው። የሕይወቱ ምርጥ ቀን የተባለው ግን ጥፋቱን አምኖ ይቅር የተባለበት ቀን ነው።

በተውባ ምዕራፍ አንቀጽ 118 ላይ የሦስቱ ጉዳይ እስከ ዕለተ ቂያማ ይነበባል። በፊተኛው አንቀጽ 117 ደግሞ አላህ በረሱልና (ሰ.ዐ.ወ) በችግሯ ሰዓት በተከተሏቸው ሙሃጂሮችና አንሷሮች ላይ በምሕረት እንደተመለከተ ተነግሯል። የዘመቱትም የቀሩትም በአላህ ምሕረት ጥላ ሥር በተከታታይ ተጠቀሱ። ምሕረት የማያስፈልገው ወገን አልተገኘም።

የሐንዘላ ስጋት

አንዳንዱ አንባቢ «የኔ ችግር አንድ የታወቀ ጥፋት አይደለም፤ ልቤ አንድ ዓይነት ሆኖ አለመቆየቱ ነው» ይል ይሆናል። ለዚህም በታሪካችን መልስ አለ። ሐንዘላ (ረ.ዐ) ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጸሐፊዎች አንዱ ነበር። አንድ ቀን አቡበክር (ረ.ዐ) አግኝተው ደኅንነቱን ቢጠይቁት ሐንዘላ ሙናፊቅ ሆኗል አላቸው። ምክንያቱንም ሲያስረዳ፣ ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ሲሆኑ ጀነትንና እሳትን በዓይናቸው የሚያዩ ያህል እንደሚሰማቸው፣ ወደ ቤት ሲመለሱ ግን ሚስት፣ ልጆችና ሥራ ብዙውን እንደሚያስረሳቸው ተናገረ። አቡበክር (ረ.ዐ) አልገሠጹትም፤ እኛም እንዲሁ ይሰማናል አሉት። ከዚህ ኡመት በኢማን የላቁት ሰው!

ሁለቱ አብረው ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሄዱ። እርሳቸውም እርሳቸው ዘንድ እንደሚሆኑት ሆነው ሁልጊዜ ቢቆዩ መላእክት በየመኝታቸውና በየመንገዳቸው እጃቸውን ይጨብጧቸው እንደነበር፣ ነገር ግን ይህም ጊዜ ያም ጊዜ የየራሱ እንዳለው ሦስት ጊዜ ደጋግመው ነገሩት። የቤትን ጣጣ፣ የልጅን ጨዋታ፣ የእርሻን ሥራ ኒፋቅ አላሉትም። የልብ ከፍና ዝቅ ማለት የሰውነት ጠባይ ነው። ሰው መልአክ እንዲሆን አልታዘዘም፤ ሰው ሆኖ ወደ ጌታው እንዲመለስ እንጂ።

ታሪኩ እንዴት ደረሰን?

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። በግንብ ላይ ተንጠላጥሎ ወደ አቡ ቀታዳ መግባቱን፣ በሰላት መካከል በስርቆት ማየቱን፣ ልብስ መዋሱን፣ ይህን ሁሉ ማን ነገረን? ጠላት አይደለም፤ ታዛቢም አይደለም። ራሱ ካዕብ ነው። ለማንስ ነገረው? ለልጁ።

ካዕብ በስተርጅና ዓይኑ ጠፋ። ከልጆቹ መካከል እጁን ይዞ የሚመራው ዐብዱላህ ነበር። ይህን ታሪክ ከአባቱ አፍ ሰምቶ ያስተላለፈው እርሱ ነው። ከእርሱም የካዕብ የልጅ ልጅ ዐብዱረሕማን ተቀበለው፤ ከዐብዱረሕማን ደግሞ በ124 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. በ742) ያረፉት ታላቁ ሊቅ ኢብኑ ሺሃብ አዝ-ዙህሪ ሰሙት። እንዲህ እየተቀባበለ ኢማሙ ቡኻሪ (እ.ኤ.አ. በ870 ያረፉ) እና ኢማሙ ሙስሊም (እ.ኤ.አ. በ875 ያረፉ) ዘንድ ደረሰ። ቡኻሪ በዘመቻዎች መጽሐፍ ውስጥ ከተቡክ ጋር አሰፈሩት፤ ሙስሊም ደግሞ በተውባ መጽሐፍ ውስጥ አኖሩት። ለአንዱ የጦርነት ታሪክ፣ ለሌላው የልብ ታሪክ ሆነ።

በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱት። ዓይነ ስውር ሽማግሌ የልጁን ክንድ ይዞ ይሄዳል። ለልጁ ሊያወርሰው የሚችለው ብዙ የክብር ታሪክ ነበረው፤ ዐቀባ ነበረ፣ ኡሑድ ነበረ፣ ግጥሙም ነበረ። እርሱ ግን ጥፋቱን አንድም ሳያስቀር፣ ምክንያት ሳይጨምርበት ነገረው። ልጁም አላፈረበትም። ለልጁ አስተላለፈው። ሦስት ትውልድ የአያቱን ስሕተት እንደ ውድ ቅርስ ተቀባበለው፤ ምክንያቱም በስሕተቱ ውስጥ የአላህ እዝነትና የአባታቸው እውነተኛነት አብረው ነበሩ።

ጥፋትና ተውባ በድንጋይም ታትመዋል። መዲና የሄደ ሰው በነቢዩ መስጂድ በረውዳ ውስጥ የአቡ ሉባባ ምሰሶ ወይም የተውባ ምሰሶ የምትባለውን ያውቃታል። ብዙዎቹ የሲራ ጸሐፊዎች እንደዘገቡት አቡ ሉባባ (ረ.ዐ) በ5ኛው ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. በ627) በበኒ ቁረይዛ ጉዳይ ምስጢር በምልክት በማሳየቱ ተጸጽቶ፣ አላህ ተውባውን እስኪቀበለው ራሱን በዚያ ስፍራ በነበረ የተምር ግንድ ምሰሶ ላይ አሰረ። በኋላም ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በገዛ እጃቸው ፈቱት። መስጂዱ ስንት ጊዜ ፈርሶ ተሠራ፣ ሰፋም፤ የዚያች ምሰሶ ስም ግን አልተለወጠም። ሙስሊሞች የአንድ ሰው ስሕተት የታወሰበትን ስፍራ አጠገቡ ቆመው ለመስገድ ይሽቀዳደማሉ።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ይህ ታሪክ ከእያንዳንዳችን ቤት ምን ይፈልጋል?

አባቶችና እናቶች ሆይ፣ ልጅ በቤታችሁ እውነቱን ሲናገር ምን ያገኛል? ሰሐን የሰበረች ልጅ ውሸታም እኅቷ በሰላም ስታልፍ እርሷ እውነቱን ስለተናገረች ከተገረፈች፣ ከ80ዎቹ ወገን እንድትሆን እያስተማርናት ነው። ጥፋቱ መታረም አለበት፤ ካዕብም ቅጣቱን ተቀብሏል። ነገር ግን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በቅድሚያ ያደረጉት እውነተኛነቱን በሰው ፊት መመስከር ነበር። እኛም ከቁጣችን በፊት እውነት ስለተናገርሽ አላህ ይባርክሽ ማለትን እንልመድ። ልጆቻችንም እኛ በዕድሜያቸው ሳለን እንዴት እንደወደቅንና እንዴት እንደተነሣን ከእኛው አፍ ይስሙ። አላህ የሸፈነውን ነውር ግለጡ ማለቴ አይደለም፤ ይህ አይፈቀድም። ነገር ግን ለልጅ ትምህርት የሚሆን ስንፍና፣ መዘግየት፣ ፍርሃት የማን አባት የለውም?

ራስህን የምትወቅስ ወንድሜ ሆይ፣ ራስሽን የምትወቅሺ እህቴ ሆይ፣ ካዕብ በእነዚያ 50 ቀናት ያላቆመውን ነገር ተመልከቱ። ሰላምታው ሳይመለስለት ሰላም ማለቱን አላቆመም። ማንም ሳያናግረው ከሶፍ መቆሙን አላቆመም። ልብ ሲደርቅ ሰላትን መተው መድኃኒት አይሆንም። የደረቀውን ልብ ይዞ መቆም ነው ዒባዳው። ጭንቀቱ ከልክ አልፎ እንቅልፍና ምግብ ለሚነሳው ሰው ደግሞ ኀኪምንና የሚያምነውን ዓሊም ማማከር ነውር አይደለም፤ ካዕብም ሲጨንቀው ወደሚወደው ሰው ግንብ ተሻግሮ ሄዷል።

ጓደኛው ያጠፋበት ሰው ሆይ፣ በሌለበት እንደ ሙዓዝ ተናገርለት፤ ሲመለስም እንደ ጦልሓ ተነሥተህ ሩጥለት። ጦልሓ ያደረገው ከተቀመጠበት ተነሥቶ እጅ መጨበጥ ብቻ ነበር፤ ወጪ የለውም። ለተመላሹ ግን የዕድሜ ልክ ስንቅ ሆነው። ከብዙ ጊዜ በኋላ መስጂድ ብቅ ያለን ሰው «ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?» ብሎ ከማሸማቀቅ ፈንታ ጎኑን ከፍቶ ስፍራ መስጠት ስንት ሰው ባዳነ ነበር!

የአደም ልጆች ሁሉ ስሕተተኞች እንደሆኑ፣ ከስሕተተኞችም በላጮቹ ተመላሾቹ እንደሆኑ ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ተምረናል። በላጮቹ የማይሳሳቱት ናቸው አላሉንም፤ እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ማናችንም ተስፋ ባልኖረን ነበር።

አላህ ሆይ፣ ከሰበብ ደርዳሪዎች ሳይሆን ከእውነተኞች ጋር አድርገን። ምድር ከነስፋቷ ስትጠብብን ካንተ ወደ አንተ እንጂ መሸሻ እንደሌለን አሳውቀን። ቤቶቻችንን የተሳሳተ የሚመለስባቸው ቤቶች አድርግልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።